ለድንጋያማ ኮራል የሚሆን ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ፦ የቱን ልግዛ?

መስታወት ከመምረጣችሁ በፊት ኮራሉን ምረጡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ስልኩ ላይ ሲያገላብጥ ያማረ ገንዳ ያያል፣ ያዛል፣ ቤት ካስገባው በኋላ "እዚህ ውስጥ ምን ይኖርልኛል?" ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ለስላሳ ኮራል ለሚፈልግ ሰው ይሄ ብዙም አይጎዳም፤ ዞአንተስና ማሽሩም የሚባሉት ብዙ ነገር ችለው ይኖራሉ። ድንጋያማ ኮራል ላይ ግን ያልሆነ ገንዳ የገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላው ሌላ ገንዳ ይገዛል፤ ያውም በመሃል የሞተበትን ኮራል ሳንቆጥር። እዚህ "ትንሽ" የምለው ከ120 ሊትር ወዲህ ያለውን ነው፣ በአሜሪካኖቹ አለካክ 30 ጋሎን አካባቢ።

ሁለት ዓይነት "ድንጋያማ"

ድንጋያማ ኮራሎችን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ጠንካራ አጽም መሥራታቸው ነው። በአሳዳጊዎች ዘንድ ግን ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው ኤልፒኤስ ይባላል። ፖሊፖቻቸው (ኮራሉን የሚሠሩት አፍና ክንድ ያላቸው ትንንሽ እንስሳት) ትልልቅና ሥጋ የሞላቸው ናቸው፦ ዳንካን፣ ካንዲ ኬን፣ ብላስቶሙሳ፣ ሃመር፣ ፍሮግስፖን፣ ቶርች። ሁለተኛው ኤስፒኤስ ነው። ፖሊፖቻቸው ደቃቅ፣ አጽማቸው ደግሞ ቅርንጫፍ ወይም ሳህን የሚመስል፦ አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ስታይሎፎራ። ክፍፍሉ ሳይንሳዊ አይደለም፤ ለአያያዝ ግን በጣም ይጠቅማል።

ብርሃን ላይ ያለውን ልዩነት ብቻ እዩት። ለኮራል የሚሆን ብርሃን ፓር በሚባል ልክ ይለካል። አብዛኞቹ ኤልፒኤሶች ከ50 እስከ 150 ባለው ፓር ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250 ይፈልጋል። አክሮፖራ 250 እና ከዚያ በላይ ካላገኘ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ እድገቱም ይዘገያል። የውሃው እንቅስቃሴም እንደዚያው ነው። ለኤልፒኤስ የገንዳው ውሃ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ጊዜ ቢገላበጥ ይበቃዋል፤ ኃይለኛ ወራጅ ፊት ለፊት ከመታው እንዲያውም ሥጋው ከአጽሙ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል። አክሮፖራ ግን 30፣ 40፣ 50 ጊዜ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን የለውጥ ነገር ነው። ዳንካን አንድ መጥፎ ሳምንት ያሳልፋል፣ ይሸበሸባል፣ ሁኔታው ሲስተካከል ተመልሶ ይከፈታል። አክሮፖራ እንዲህ ዓይነት ምሕረት የለውም። የውሃው አልካሊኒቲ (በውስጡ ያለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን ማለት ነው) በአንድ ቀን ውስጥ ዘለል ካለ ሥጋው ከሥር ጀምሮ ይላጣል፣ አንዳንዴ በማግስቱ ነጭ አጽም ብቻ ታገኛላችሁ። ትንሽ ገንዳ ደግሞ ተፈጥሮው መለዋወጥ ነው። የመጀመሪያ ኮራላችሁ በ40 ሊትር ውስጥ ያለ አክሮፖራ እንዲሆን የማልመክረው ለዚህ ነው፤ የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፣ ያምርላቸዋልም፣ ግን ብዙዎቹ ዓመታት የለመዱበት ናቸው።

ስንት ሊትር?

ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ክዳን የሌለው ትንሽ ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ቢያተን የተለመደ ነገር ነው። ገንዳው 40 ሊትር ከሆነና ጨዋማነቱ 35 (በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው) ከነበረ፣ በማግስቱ ወደ 36 ይጠጋል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ 38። ያው አንድ ሊትር ከ150 ሊትር ገንዳ ቢሄድ ለውጡ 0.2 ብቻ ነው። በዚያ ላይ 40 ሊትር የተባለው ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ሲገባበት እውነተኛ ውሃው ወደ 33 ሊትር ይወርዳል፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ።

ሁለተኛው ስሌት ይበልጥ ያስደነግጣል። አልካሊኒቲ ሲወርድ ብዙ ሰው ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨምራል፣ ያው እቤት ውስጥ ለመጋገሪያ የምንጠቀምበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 5 ግራም ይይዛል። ይሄ 400 ሊትር ውሃ ውስጥ ቢገባ አልካሊኒቲውን በ0.4 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ከፍ ያደርገዋል፣ ማንም አይሰማውም። 40 ሊትር ውስጥ ሲገባ ግን ከ4 ዲኬኤች በላይ ነው። የምትፈልጉት ደረጃ 8 ወይም 9 ሆኖ በአንድ ማንኪያ 12 መድረስ ማለት ነው፤ ለኤስፒኤስ ይሄ ብዙውን ጊዜ የሞት ፍርድ ነው።

እንግዲህ በመጠን ስናነጻጽር፦ ከ20 ሊትር በታች ያለው ልምድ ላለው ሰው መጫወቻ ነው፣ እለፉት። ከ40 እስከ 55 ሊትር ያለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ለጥቂት ኤልፒኤስ ይሆናል፤ ግን በየቀኑ ዓይናችሁ ሊያየው ይገባል። ከ75 እስከ 100 ሊትር ያለው ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኤልፒኤስ በደንብ ይኖርበታል፣ ከላይ በኩል ደግሞ ሞንቲፖራና ስታይሎፎራ መሞከር ይቻላል። አክሮፖራ ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ከ100 ሊትር ወደ ላይ አስቡ፣ ቢቻል ከሥር ሳምፕ፣ ማለትም ሁለተኛ የማጣሪያ ገንዳ፣ ያለው።

ትንሽነት ግን አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፣ እሱንም አልደብቅም። ውሃ መቀየር ርካሽ ነው። የ40 ሊትር 20 በመቶ 8 ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ ባልዲ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። በትልቅ ገንዳ ይህን ያህል በየሳምንቱ ልቀይር የሚል ሰው ወገቡም ኪሱም አይችልም። ጥቂት ኤልፒኤስ ብቻ ካላችሁ የውሃ ቅየራው ራሱ የጠፋውን ካልሲየምና አልካሊኒቲ ለመተካት ሊበቃ ይችላል። ኤስፒኤስ ሲበዛ ግን አይበቃም። አልካሊኒቲው በሳምንት ከ8 ወደ 7 ከወረደ፣ 10 በመቶ ቀይራችሁ የምታስመልሱት 7.1 ነው። ያኔ ሁለቱን ፈሳሾች፣ የካርቦኔቱንና የካልሲየሙን፣ በትንሽ ፓምፕ በየቀኑ እየከፋፈሉ መጨመር ግድ ይሆናል።

ቁመትም እዩ። ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ ገንዳ ከረጅምና ጠባብ ሁልጊዜ ይሻላል። ብርሃኑ እታች ድረስ ይደርሳል፣ የውሃው ፊት ሰፊ ስለሚሆን ኦክስጅን በደንብ ይገባል፣ ኮራሎቹንም አራርቆ ለማስቀመጥ ቦታ ይኖራል። ኮራል ደግሞ ጎረቤት አይወድም። ቶርች ማታ ማታ ረጃጅም መርዛማ ክሮች ይዘረጋል፣ የደረሰበትን ያቃጥላል፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ተዉለት። ጋላክሲያ የሚባለው ከዚህም ይብሳል፣ በትንሽ ገንዳ ባይገባ ነው የሚሻለው።

ገበያው ላይ ያሉት

ክዳንና መብራት አብሮት የሚመጣ ሙሉ ገንዳ። ፍሉቫል ኢቮ 13.5 (52 ሊትር) እና ባዮኪዩብ 32 (ወደ 120 ሊትር) የዚህ ዓይነት ናቸው። ማጣሪያው ከጀርባ በተከለሉ ክፍሎች ውስጥ ነው፣ ስትገዙት ከሞላ ጎደል ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ክዳኑ ትነትን ይቀንሳል፣ ዓሣም ዘሎ አይወጣም። ችግሩ መብራቱ ነው። ለለስላሳ ኮራልና ብርሃን ለማይበዛባቸው ኤልፒኤሶች ይሆናል፤ ለአክሮፖራ አይሆንም። "በኋላ መብራቱን እቀይራለሁ" ካላችሁ ክዳኑን ማውለቅ አለባችሁ፣ ክዳኑን ካወለቃችሁ ደግሞ የገዛችሁበት ምክንያት ግማሹ ሄደ። ሙቀትም ክዳኑ ሥር ይታመቃል። ዳንካንና ካንዲ ኬን ይዤ ቁጭ እላለሁ ለሚል ሰው ግን ጥሩ ግዢ ነው፣ ማንም እንዳያስቀይማችሁ።

ክዳን የሌለው፣ ማጣሪያው ከጀርባ የሆነ፣ መብራት የሌለው። ኢኖቬቲቭ ማሪን ፊውዥን 20 እና ዋተርቦክስ ኪዩብ 20 እዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ 75 ሊትር። መስታወታቸው ጥርት ያለ ነው፣ ከላይ ጠርዝ የላቸውም፣ መመለሻ ፓምፑ አብሮ ይመጣል። መብራቱን እናንተ ትመርጣላችሁ። እኔ ለድንጋያማ ኮራል በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ገንዘባችሁን ኮራሉ የሚፈልገው ላይ እንድታውሉት ይፈቅድላችኋል። ሁለቱን እርስ በርስ ማወዳደር ብዙ ጥቅም የለውም፣ አካባቢያችሁ የሚገኘውንና ዋጋው የቀነሰውን ውሰዱ። ስትገዙ ግን የተጣራ መረብ ክዳን አብራችሁ ግዙ፤ ጎቢና ሬስ (wrasse) የሚባሉት ዓሦች ይዘላሉ፣ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቀው ነው የሚገኙት።

ሁሉንም ነገር አሟልቶ የሚመጣ ውድ ገንዳ። ሬድ ሲ ማክስ ናኖ የዚህ ምሳሌ ነው። 75 ሊትር ሆኖ ከኃይለኛ መብራት፣ ከስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ) እና ከውሃ ማሟያ (የተነነውን ውሃ ራሱ የሚተካ) ጋር ይመጣል። ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን የሁለተኛውን ዓይነት ገንዳ ገዝታችሁ መብራቱን፣ ስኪመሩንና ማሟያውን ለየብቻ ስትደምሩ ልዩነቱ ይጠባል። ለማን ይሆናል? ለመምረጥ ጊዜ ለሌለውና በአንድ ጊዜ መክፈል ለሚችል። ቀስ በቀስ እየገዛሁ ላሟላ ለሚል አይሆንም።

ተራ የሱቅ መስታወት ከተንጠልጣይ ማጣሪያ ጋር። አሜሪካ ውስጥ 20 ሎንግ የሚባለው ገንዳ አለ፣ 20 ጋሎን ወይም ወደ 75 ሊትር፤ 76 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 30 ቁመት። ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ቅርጹ ደግሞ ለኮራል በጣም የሚመች ነው፣ ዝቅና ረዘም ያለ። መልኩ ግን ያው የሱቅ ገንዳ ነው፤ ጥቁር ጠርዝ፣ ማሞቂያውና ሽቦው ሁሉ ፊት ለፊት የሚታይ። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ አታስገባው ብላኛለች የሚሉ ሰዎችን ሰምቻለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ባጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከዚህ ገንዳና ከጥሩ መብራት የሚበልጥ ጥምረት የለም። ኮራሉ ጠርዙ ጥቁር ይሁን ነጭ ግድ አይሰጠውም።

ከሥር ሳምፕ ያለው። ሬድ ሲ ሪፈር 170 ዓይነቱ፣ ጠቅላላ ውሃው 170 ሊትር። ከላይ ካስቀመጥኩት ወሰን ያልፋል፣ ግን ሳላነሳው ማለፍ አልፈለግሁም፤ ምክንያቱም "አክሮፖራ እፈልጋለሁ፣ ቦታዬ ግን ትንሽ ነው" ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው። ወለል ላይ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ትንሽ ቁም ሣጥን አይበልጥም። ማሞቂያ፣ ስኪመር፣ ማሟያ ሁሉ ከሥር ይደበቃል፣ ከላይ የሚታየው ኮራል ብቻ። በውሃው መብዛት ደግሞ ከላይ ያልናቸው ስሌቶች ሁሉ ይለዝባሉ። ሲሞላ ክብደቱ ከነድንጋዩና ከነቁም ሣጥኑ ከ200 ኪሎ በላይ መሆኑን ግን አትርሱ፣ በተለይ አሮጌ የእንጨት ወለል ያለው አፓርታማ ላይ ከሆናችሁ።

ገንዘቡን የት ላውለው?

መብራት ላይ። ብዙ ጊዜ የመብራቱ ዋጋ ከመስታወቱ እኩል ይሆናል፣ ይህን ቀድማችሁ ጠብቁ። ኤአይ ፕራይም ለ45 በ45 ሴንቲሜትር ገንዳ ጥሩ ነው፤ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው ላይ መሃሉ ኤስፒኤስ ይይዛል፣ ጫፍና ጫፉ ግን ለኤልፒኤስ ነው። ከዚያ ረዘም ላለ ገንዳ ሁለት ያስፈልጋችኋል። ኬሲልና ሬዲዮን ኤክስአር15 ጠንከር ያሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም እንዲሁ። ስም የሌላቸው ርካሽ ኤልኢዲዎች አንዳንዶቹ ይሠራሉ፤ ግን ፓራቸውን ሳትለኩ ከሥራቸው ኮራል አታስቀምጡ። ፓር መለኪያ ውድ ነው፣ መግዛት የለባችሁም፤ በአሜሪካ አንዳንድ የኮራል ሱቆችና ክበቦች ያከራያሉ ወይ ያውሳሉ።

ሁለተኛው ራሱን በራሱ የሚሞላ የውሃ ማሟያ ነው። የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ፣ ጨው የሌለበት፣ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። እኔ ከስኪመር በፊት ይህን እገዛለሁ። ስኪመር በ75 ሊትር ገንዳ ላይ የግድ አይደለም፣ በየሳምንቱ ውሃ የምትቀይሩ ከሆነ። ማሟያ ግን ለድንጋያማ ኮራል የግድ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ማሞቂያ ርካሽ ነው፣ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ እንደተከፈተ ነው የሚቀረው፣ ትንሽ ውሃ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይቀቀላል። ስለዚህ ማሞቂያውን ከግድግዳው ሶኬት ጋር በቀጥታ አታያይዙት፤ በመሃል የተለየ ቴርሞስታት አስገቡ። ዋቱንም አታብዙ፣ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት በቂ ነው። የምትፈልጉት 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለመለዋወጥ።

ለመመርመሪያም ትንሽ አስቀሩ። የአልካሊኒቲ መለኪያ የሌለው ሰው ድንጋያማ ኮራል ባይጀምር ይሻለዋል። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350፣ አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች። በሳምንት አንዴ ለኩ፣ ኤስፒኤስ ካላችሁ ቶሎ ቶሎ። ቁጥሩ 8.0 ይሁን 8.8 ብዙ ለውጥ የለውም፤ ዛሬ 8 ነገ 9.5 መሆኑ ነው ችግሩ። ናይትሬትና ፎስፌትንም ዜሮ ለማድረግ አትሩጡ፤ ጨርሶ ሲጠፉ ኮራሉ ይነጣል፣ ዳይኖስ የሚባለው ቡናማ ንፍጥም ይመጣል።

የምትኖሩበት ቦታ ለውጥ ያመጣል

ዋሽንግተን ዲሲና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ፣ የቧንቧችሁ ውሃ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በክሎራሚን ነው የሚታከመው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎራሚን ውሃውን በባልዲ አሳድሮ እንደሚተነው ክሎሪን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ አርኦ ዲአይ የሚባለውን፣ ውሃውን ከሞላ ጎደል ፍጹም ንጹሕ የሚያደርገውን ማጣሪያ ስትገዙ ለክሎራሚን የተሠራ የካርቦን ደረጃ እንዳለው ጠይቁ። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ፣ በውስጡ የሟሟውን ነገር በሚለካው መለኪያ (ቲዲኤስ) ላይ ዜሮ ማሳየት አለበት። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ መጠቀም፣ በተለይ የመዳብ ቧንቧ ባለበት አሮጌ ሕንጻ፣ ለኮራልም ለሽሪምፕም መርዝ ነው።

ባሕረ ሰላጤ ላይ ላላችሁ ደግሞ ጠላታችሁ ሙቀት ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ውስጥ ኤሲ ጠፍቶ የዋለ ቤት በሐምሌ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የውሃው ፊት ላይ የሚነፍስ ትንሽ ማራገቢያ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል፣ በምትኩ ትነቱን ያበዛዋል፤ እርጥበት በሚበዛበት ባሕር ዳርቻ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ኤሲው ሁልጊዜ የማይበራ ከሆነ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ቺለር የሚሉት፣ ከባጀቱ ውስጥ አስገቡ፤ ያኔ ክዳን ያለው ገንዳ ከምርጫ ይወጣል። የቧንቧው ውሃ ከባሕር የተጣራ ነው ብላችሁም አርኦ ዲአይን አትዝለሉ፣ ክሎሪንም ማዕድንም ተጨምሮበት ነው የሚመጣው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመሞከር የሚያስብ ካለ፣ ሁለት ነገር ይወቅ። ከፍታው 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዓሣ አታብዙ፣ የውሃውን ፊት በደንብ የሚያናውጥ ፓምፕ ይኑራችሁ። መብራት ሲጠፋ ይሄው ይብሳል፤ ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር ተደምሮ ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ አየር ፓምፕ እዚያ ቅንጦት አይደለም። ቺለር ግን አያስፈልጋችሁም፣ ይሄ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ሌላው፣ ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከአገር አገር ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማምጣት አይቻልም፤ የሞተ አጽሙንም ጭምር። እስራኤል ውስጥ ኤይላት ያላችሁ ከባሕሩ መልቀም እንደማይቻል መቼም ታውቁታላችሁ። ከሱቅ ወይም ከሌላ አሳዳጊ በእርባታ የተገኘ ቁራጭ፣ ፍራግ የሚባለውን፣ ግዙ። ርካሽም ነው፣ የገንዳ ኑሮም ለምዷል።

ስለ ቤት ጠረንም አንድ ነገር ልበል። ቡና ሲፈላ ከሰል ተያይዞ፣ ክረምት ስለሆነ መስኮት ተዘግቶ ከሆነ፣ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራልና የውሃው ፒኤች ይወርዳል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ። የበረሮ መርጫ ግን ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ፤ ሽሪምፑን ቀድሞ ይገድለዋል።

አገር ቤት ስትሄዱስ?

ይህን ጥያቄ ገንዳ የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠይቃችሁም። እኛ ግን ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጥምቀት ሦስትና አራት ሳምንት ጠፍተን እንሄዳለን። 75 ሊትር ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ካተነነ፣ 10 ሊትር የሚይዝ የማሟያ ዕቃ አሥር ቀን ያቆያል። ከዚያ በኋላ ጨዋማነቱ መውጣት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ገንዳ ስትመርጡ ማሟያ ዕቃው የት እንደሚቀመጥና ስንት እንደሚይዝ አብራችሁ አስቡ፤ ቁም ሣጥን ያለው ገንዳ ከጠረጴዛ ገንዳ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ከሥር 20 ወይም 25 ሊትር ዕቃ ይገባለታል።

ቤቱን ለሚጠብቅላችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሥራው "ይህን ዕቃ በየሳምንቱ ከዚህ ጀሪካን ሙላ" የማለት ያህል ቀላል ይሁን። ጨው እንዲቀላቅል፣ መድኃኒት እንዲጨምር አትጠይቁት፤ የዓሣውን ምግብም በትንንሽ ዕቃ በየቀኑ ለክታችሁ ካላስቀመጣችሁ እርቦት ይሆናል ብሎ ግማሽ ጣሳ ይጨምራል። በዓመት ሁለቴ ረጅም ጊዜ የምትጠፉ ከሆነ አክሮፖራን ተዉት፣ በሐቅ ነው የምነግራችሁ። ኤልፒኤስ ይጠብቃችኋል።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ጀማሪ ሆኜ፣ ባጀቴ መካከለኛ ቢሆን፦ 75 ሊትር፣ ክዳን የሌለው፣ ማጣሪያው ከጀርባ፣ ከአንድ ኤአይ ፕራይምና ከማሟያ ጋር። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፤ ከዚያ በላይ ዓሣ የለም። ባጀቴ ቢጠብ 20 ሎንግ ገዝቼ የተረፈኝን መብራት ላይ አፈሰዋለሁ። ትንሽ ጠረጴዛ ብቻ ቢኖረኝና ለስላሳና ኤልፒኤስ ቢበቃኝ ፍሉቫል ኢቮ። አክሮፖራ ካልሆነ ምንም አልፈልግም ብል ግን ትንሹን ገንዳ ትቼ ሳምፕ ላለው እቆጥብ ነበር፣ አንድ ዓመት ቢፈጅም።

የቱንም ግዙ፣ ውሃውና ድንጋዩ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶውን ይቆያል። ከዚያ ቀንድ አውጣና ዓሣ፣ ቀጥሎ ዳንካን ወይም ካንዲ ኬን። ሃመርና ቶርች ሦስት አራት ወር ይቆዩ። ሞንቲፖራ ከዚያ በኋላ፤ ጤናማ ሆኖ ካደገ ስለ አክሮፖራ ማውራት እንችላለን፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በፊት አይሆንም።

ያገለገለ ገንዳ

ብዙ ሰው በዚህ ነገር ይጀምርና በዓመቱ ይተወዋል፣ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ በሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም በግማሽ ዋጋ። መጀመሪያ የምትጠይቁት "የመዳብ መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?" የሚለውን ነው። ዓሣ ለማከም የሚጠቀሙበት መዳብ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እየወጣ ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል። አዎ ካሉ ድንጋዩንና አሸዋውን አትውሰዱ። መስታወቱ ላይ ማዕዘኖቹን እዩ፤ መስታወቱን የሚያያይዘው ሲሊኮን ተላጦ ወይም አረፋ ይዞ ከሆነ ተዉት። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጭረት መብራት ሲበራ ዓይናችሁ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ፓምፑን በባልዲ ውሃ አስነስታችሁ አድምጡ። ማሞቂያውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፣ አዲስ ግዙ። ቤት ስታደርሱት ውጭ ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞልታችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ምንጣፉ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት።